ለብቻው የተሸጠው ሱልጣን

እስቲ አንድ ካርታ በዓይነ ሕሊናዎ ይሳሉ። ዘመኑ 1066 ነው (እዚህ የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ባግዳድ ላይ የዐባሲያው ኸሊፋ አልቃኢም፣ ካይሮ ላይ የፋጢሚያው አልሙስተንሲር ተቀምጠዋል። የሰልጁቁ ሱልጣን አልብ አርስላን ከፋርስ ምድር ሆኖ ወደ ምዕራብ ያማትራል። ከአንደሉስ እስከ ኹራሳን ያለው ሁሉ በየስሙና በየቀለሙ ተነድፏል። አሁን ከእነዚህ አንዱን መርጠው እሱን ሆነው ሊጫወቱ ጣትዎን ሲያሳርፉ ጨዋታው አይፈቅድልዎትም። አውሮፓዊውን መስፍን ግን፣ ግዛቱ አንድ አውራጃ ብቻ ቢሆንም እንኳ፣ ወዲያው መሆን ይችላሉ።

«ክሩሴደር ኪንግስ ሁለት» የተሰኘው የኮምፒዩተር ጨዋታ በፌብሩዋሪ 2012 ገበያ ላይ ሲውል መልኩ ይህ ነበር። ስሙ የመስቀል ጦረኞች ነገሥታት እንደ ማለት ሲሆን፣ ያዘጋጀው ስቶክሆልም የሚገኘው ፓራዶክስ የተባለ የስዊድን ኩባንያ ነው። ተጫዋቹ የአንድ ገዥ ቤተሰብ አለቃ ይሆናል። ልጆቹን ይድራል፣ ግብር ይሰበስባል፣ ይዋጋል፣ ይታረቃል፤ ሲሞት ወራሹን ሆኖ ይቀጥላል። እንዲህ እያለ እስከ 1453 ይደርሳል። ዋጋው 40 ዶላር ያህል ነበር። ከአራት ወር በኋላ፣ በጁን 2012፣ «የኢስላም ሰይፍ» የሚል ማስፋፊያ በ10 ዶላር ወጣ፤ የሙስሊም ገዥዎችም የተከፈቱት ያኔ ነው። እስከ 2018 ድረስ ከወጡት 15 ዋና ዋና ማስፋፊያዎች የመጀመሪያው ይኸው ነበር።

ስለ ጨዋታ በአጠቃላይ ዑለማዎች የተናገሩት አለ፤ የዛሬው ጉዳያችን ግን እሱ አይደለም። ልጅዎ ይህን ወይም መሰሉን ጨዋታ የሚጫወት ከሆነ «ገና ሌላ ማስፋፊያ ወጣ፣ ይገዛልኝ» ሲል ሰምተውት ይሆናል፤ ከተገዛ በኋላም ሲያማርር። የተጫዋቾች ምሬት ብዙ ጊዜ የሚያጠነጥነው በገንዘቡ ላይ ነው፦ አንድ ጊዜ የገዛሁትን ዕቃ ስንት ጊዜ ልግዛው? ይህ ጥያቄ ተገቢ ነው። ይሁን እንጂ ከሥሩ ሌላ ጥያቄ አለ። የማን ታሪክ ዋናው ዕቃ፣ የማንስ ታሪክ ጭማሪ ተደርጎ ተቆጠረ?

ለፍትሕ ሲባል ሁለት ነገር እንመስክር። አንደኛ፣ ኩባንያው የደበቀው ነገር አልነበረም፤ ሙስሊም ገዥ ሆኖ መጫወት እንደማይቻል ሲሸጥም የታወቀ ነበር። ሁለተኛ፣ ለብቻው የተሸጠው ሙስሊሙ ብቻ አይደለም። ጣዖት አምላኪዎቹ የሰሜን ሰዎች በ2013፣ የሕንድ ራጃዎች በ2014 በየተራ በዋጋ ቀርበዋል። ስለዚህ ነገሩን ሁሉ በኢስላም ላይ የተነሣ ጥላቻ አድርጎ ማየት ስሕተት ነው። ንግድ ነው። ግን የመስቀል ጦርነት ሁለት ወገን አለው። አንዱን ወገን ተዋጊ፣ ሌላውን ተወጊ ብቻ አድርጎ የሚያቀርብ ዕቃ ተሟልቶ ወጣ ማለት ይከብዳል።

አሥር ዶላር የከፈለው ተጫዋችስ ምን አገኘ? ትልቁ ቅሬታ ያለው እዚህ ላይ ነው። ማስፋፊያው ለሙስሊም ገዥዎች ብቻ «ዝቅጠት» የሚባል መለኪያ አመጣ። በመጀመሪያው አሠራር ከሥርወ መንግሥቱ ወንዶች መካከል ግዛት ያልተሰጣቸው በበዙ ቁጥር መለኪያው ይወጣል። መለኪያው ሲያይል ሠራዊትዎ ይዳከማል፤ ገቢዎም ይቀንሳል። በመጨረሻም ከየት መጣ የማይባል ብርቱ አመጽ ተነሥቶ ቤትዎን ከዙፋን ይነቅላል። ተጫዋቾቹ የተበሳጩት አንድም ጥፋት ሳይሠሩ፣ ሩቅ አገር ያለ የአጎት ልጅ በዋለበት ጦስ መንግሥታቸው ስለፈረሰ ነው።

መፍትሔውስ? ዘመድን መገሠጽ፣ እምቢ ካለ ማሰር፣ አለዚያም ግዛት መስጠት። ለሁሉም የሚበቃ ግዛት ስለማይኖር ብዙዎቹ ቀላሉን መንገድ ያዙ፤ ወንድምና የወንድም ልጅ እስር ቤት ሞላ። አንባቢ ሆይ፣ እዚህ ላይ ትንሽ እንቆይ። ዝምድናን መቀጠል (ሲለቱ ረሒም) ከዲናችን ታላላቅ ግዴታዎች አንዱ ነው። በጨዋታው ግን የሙስሊም ቤተሰብ ወንድ ልጅ በተወለደለት ቁጥር የሚደሰት ሳይሆን የሚሰጋ ሆነ። በሙስሊም ሥርወ መንግሥታት ውስጥ ወንድም በወንድሙ ላይ አልተነሣም አልልም፤ ተነሥቷል፣ ደምም ፈስሷል። ነገር ግን በአውሮፓ ነገሥታት ቤትም እንዲሁ ነበር፤ መለኪያው ግን ለእነሱ አልተሠራም።

ይህን አሠራር ያየ ሰው ኢብኑ ኸልዱንን ማስታወሱ አይቀርም። በ1332 ቱኒስ ተወልደው በ1406 ካይሮ ያረፉት እኚህ ሊቅ፣ በ1377 በጻፉት «ሙቀዲማ» መንግሥታት ስለሚነሡበትና ስለሚወድቁበት ምክንያት አትተዋል። ሐሳባቸው ባጭሩ ይህ ነው፦ በችግር የኖረ ሕዝብ «ዐሰቢያ»፣ ማለትም የወገን ትስስር፣ ስላለው ያሸንፋል፤ ከተማ ገብቶ በድሎት ሲኖር ትስስሩ ይላላል፤ ከጥቂት ትውልድ በኋላም ሌላ ብርቱ ወገን ይተካዋል። ልብ ይበሉ፤ ሊቁ የጻፉት ስለ ሙስሊም መንግሥታት ብቻ አልነበረም። ስለ ፋርሶችም፣ ስለ ሮማውያንም፣ ስለ በኒ ኢስራኢልም አንሥተዋል። ደግሞም ለመፍረስ ምክንያት ያሉት የትስስር መላላትን ነው። ጨዋታው ይህን ገለበጠው፤ ዘመድ መብዛቱን ራሱን በሽታ አደረገው። ከመጽሐፉ ጥቂት ገጽ ያነበበ ወጣት ነገሩን ወዲያው ይይዘዋል፤ ያላነበበ ግን የሙስሊሞች ታሪክ እንዲህ ነበር ብሎ ይነሣል። እኔን የሚያሳስበኝ ከአሥሩ ዶላር ይልቅ ይኸኛው ነው።

ወደ ሽያጩ እንመለስ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) በገበያ ሲያልፉ እጃቸውን ወደ እህል ክምር አስገብተው ጣታቸው እርጥበት እንዳገኘ፣ ባለቤቱም ዝናብ እንደመታው ሲነግራቸው የረጠበው ሰው እንዲያየው ከላይ መሆን እንደነበረበት መናገራቸው፣ አታላይንም ከእኛ አይደለም ማለታቸው የታወቀ ነው። ገዢው የሚገዛውን ይወቅ ነው ነገሩ። በእነዚህ ጨዋታዎች ግን ዕቃው ከተገዛ በኋላም ይለወጣል። በ2016 «ኮንክሌቭ» የተባለው ማስፋፊያ ሲወጣ፣ አብሮት በነጻ የተለቀቀው እድሳት ማስፋፊያውን ያልገዙትንም ሰዎች ጨዋታ ለወጠባቸው። ግዛቱ ሰፋ ባለ ገዥ ላይ ጎረቤቶቹ ሁሉ ሃይማኖት ሳይለዩ ይተባበሩበት ጀመር፤ ሱልጣኑ ከመስቀል ጦረኛው ጎን ተሰልፎ ታየ። ተጫዋቾች አምርረው ተቃወሙ። በዚያው ዓመት በኋላ ይህን ማጥፋት የሚያስችል ምርጫ ተጨመረ፤ አቤቱታ ሰምቶ ማስተካከል ደግሞ የሚመሰገን ነው።

ለወላጅ ይህ ነገር ሌላም ትርጉም አለው። ልጅዎ የሚጫወተውን አይተው «ታሪክ ነው፣ ይሁን» ብለው ፈቅደው ይሆናል። በ2017 የወጣው «መነኮሳትና ምሥጢረኞች» ግን ሰይጣን አምላኪ የምሥጢር ማኅበርን ይዞ መጣ፤ ተጫዋቹም አባል መሆን ይችላል። እርስዎ የፈቀዱት የ2012ቱን ነው። በየማስፋፊያው ምን እንደተጨመረ መጠየቅ እንግዲህ የአባትና የእናት ተጨማሪ ሥራ ሆኗል።

በሴፕቴምበር 2020 ሦስተኛው ክፍል ሲወጣ ሙስሊም ገዥዎች ከመጀመሪያው ቀን ተከፍተው ነበር፤ ያ ዝቅጠት የተባለውም አልተመለሰም። በ2023 ስለ ፋርስ የወጣው ማስፋፊያ ከ867 ይነሣል፤ ኸሊፋው አልሙተወኪል በ861 በሳመራ ከተገደሉ በኋላ የዐባሲያ ሥልጣን የተናጋበት፣ ሰፋሪያዎችና ሳማኒያዎች የገነኑበት ዘመን ነው። ከእሱ ጋር የመጣው የቤተሰብ አንድነት መለኪያ ለኢብኑ ኸልዱን ሐሳብ ከቀድሞው እጅግ ይቀርባል። ይህን ያዘጋጀ ሰው አንብቧል ያሰኛል።

የኪሱ ምሬት ግን አልበረደም። በ2022 የወጣው የቤተ መንግሥት አዳራሽ ማስፋፊያ 30 ዶላር ተጠየቀበት፤ ዋናው ጨዋታ ራሱ 50 ነበር። ብዙዎች አዳራሹ ለዓይን ቢያምርም ጥቂት ጊዜ ከታየ በኋላ ራሱን ይደግማል አሉ። በ2024 ስለ ወረርሽኝና ስለ ተረት የወጣውም ብዙዎችን አስቀይሟል። በኦክቶበር 2025 ቻይናና ጃፓን ተጨመሩ።

የእኛ ቀንድ ከሁለተኛው ክፍል ጀምሮ በካርታው ላይ አለ። የወላስማ ቤት በይፋት ተነሥቶ በ1285 የሸዋን ሱልጣኔት መጠቅለሉ ጨዋታው በሚሸፍነው ዘመን ውስጥ የሚወድቅ ነው። ለዚህ አካባቢ ብቻ የተሠራ ማስፋፊያ እስከ 2025 አልወጣም። ቢወጣ ኖሮ ልጅዎ «ይገዛልኝ» ማለቱ አይቀርም ነበር፤ እርስዎም፣ እውነቱን ልናገርና፣ ሳያመነቱ ሳይከፍሉ አይቀሩም።