ዲ ላይ ነው ያለው

ሥራ ልትለምድ የመጣችው ልጅ በሦስተኛው ቀን ካቻቪቴዋን አስቀምጣ፣ «ጋሼ፣ አንድ ነገር ልጠይቅ?» አለችኝ። «ጎረቤታችን አንድ ላፕቶፕ ፎርማት አድርጎ ለማስረከብ 20 ደቂቃ ይበቃዋል። እኛ ለምንድን ነው ግማሽ ቀን የሚፈጅብን?»

አልተቀየምኳትም። ደንበኞቼ በሆዳቸው ይዘውት የሚወጡትን ጥያቄ ነው ደፍራ የጠየቀችኝ። ስድስት ኪሎ አካባቢ ያለችውን ሱቄን ከጎረቤቴ የሚለያት አንድ ቺፕውድ ስለሆነ፣ እሱ ለሰው የሚገባውን ቃል ሁሉ እሰማለሁ። «ሻይ ጠጥተው ይመለሱ» ይላል። እኔ «ነገ ከሰዓት» እላለሁ። ሰው ደግሞ ሻይ ይወዳል።

ጎረቤቴ ክፉ ሰው አይደለም፤ መብራት ሲሄድ ዩፒኤሱን የሚያውሰኝ እሱ ነው። ዘዴው ግን አይዋጥልኝም። አንድ ጊዜ ያሰናዳው ኢሜጅ አለው፤ ዊንዶውሱ፣ ኦፊሱ፣ ፓወር ግዕዙ፣ የፊልም ማጫወቻው ሁሉ ተጭኖበት ያለቀለት። የመጣው ማሽን ላይ ሁሉ እሱኑ ይገለብጣል። የአንዱን ኮምፒውተር ድራይቨር ለሌላው ያወርሰዋል፤ ኢሜጁ ሲሠራ ሾልኮ የገባ ቫይረስ ካለ ደግሞ ሰፈሩን ያዳርሰዋል። ማይክሮሶፍት ራሱ አንድን ዊንዶውስ ወደ ብዙ ማሽን ከመገልበጥ በፊት የመጀመሪያውን ማሽን መለያ የሚያጠፋ ሲስፕረፕ የሚባል መሣሪያ የሠራው ያለ ነገር አይደለም። ይህን ስለው «ታዲያ ሠርቶ የለ እንዴ?» ይለኛል። ይሠራል። ለሦስት ወር ይሠራል።

እውነቱን ለመናገር ግን ከእሱ ጋር ያለኝ ጠብ በኢሜጁ አይደለም። የእኔም ጭነት ቢሆን ኤስኤስዲ ላይ ከ20 ደቂቃ ብዙ አይርቅም። ግማሽ ቀኑን የሚበላው ከዚያ በፊት ያለው ነው። ፍላሹን በሩፈስ ማዘጋጀቱን፣ ለየትኛው ማሽን ኤፍ 12፣ ለየትኛው ኤፍ 9 እንደሚነካ፣ ፓርቲሽኑን አጥፍቶ ባዶ ቦታ ላይ መጫኑን ልጅቷም ትችለዋለች። ያልቻለችው መጠየቅ ነው። ለእኔም ዓመታት ፈጅቶብኛል።

አንድን ደንበኛ «የሚፈልጉት ነገር አለ?» ብትሉት መልሱ የታወቀ ነው፦ «ዲ ላይ ነው ያለው፤ ሲን ብቻ ፎርማት አድርግልኝ።» በዚህ ከተማ ኮምፒውተር ያለው ሰው ሃይማኖቱ ይለያይ እንጂ በዲ ያላመነ አላጋጠመኝም። ዲ እኮ ሌላ ዲስክ አይደለም። አንዱን ክፍል በመጋረጃ ለሁለት ከፍሎ፣ «እሳት ቢነሳ ዕቃዬ ከመጋረጃው ወዲያ ነው» ብሎ እንደመተኛት ነው። ዲስኩ የሞተ ቀን ሲም ዲም አብረው ይቀበራሉ። ቫይረስንም መጋረጃ አይመልሰውም። ከፎቶ ኮፒ ቤት በፍላሽ ተጭኖ የመጣው፣ ፎልደሩን ሁሉ ደብቆ ሾርትከት የሚያደርገው ጉድ፣ እኛ ሲን አጥበን እስክንጨርስ ዲ ላይ ቁጭ ብሎ ይጠብቀናል። ሰውዬው ቤቱ ገብቶ ዲን ይከፍታል፤ ሾርትከቱን ሁለቴ ይጫናል፤ ያው እንደገና።

ይባስ ብሎ፣ ዲ ላይ ነው የሚሉት ነገር ዲ ላይ የለም። እዚያ ያለው ከአሥር ዓመት በፊት የተገለበጠ ፊልምና የዘመድ ሠርግ ነው። በየቀኑ የሚሠሩበት ያለው ዴስክቶፕ ላይ፣ ዳውንሎድስ ውስጥ፣ ማይ ዶክመንትስ ውስጥ ነው፤ ሦስቱም ሲ ናቸው። ዴስክቶፕ ከዓይን ስለማይጠፋ ለሰው የሲ አካል አይመስለውም። ግድግዳ ይመስለዋል።

ይህን ማንም አላስተማረኝም፤ ያስተማረኝ ስሕተቴ ነው። በ2005 ዓ.ም. አንድ የእድር ጸሐፊ ሲፒዩ በማዳበሪያ ጠቅልለው በታክሲ ይዘው መጡ። ሳጥኑን በሙሉ ሲፒዩ ነው የምንለው፤ አስተማሪዎች ይናደዱ። ኮትና ኮፍያ ያደረጉ፣ ሰባን የተሻገሩ ሰው ናቸው። ማሽኑ ኤክስፒ የተጫነበት፣ 80 ጊጋባይት ዲስክ ያለው ነው፤ እስኪነሳ አቦሉ ይወርዳል። «አባባ፣ የሚፈልጉት ዶክመንት አለ?» አልኳቸው። «የለም ልጄ» አሉ፣ ሳያመነቱ። ዲን አየሁት፤ ባዶ ነው። ሁለቱንም ፓርቲሽን አጥፍቼ አዲስ ጫንኩ። ያን ጊዜ ከሥራዬ ሁሉ የምወደው መጨረሻውን ነበር፦ የኤክስፒ አረንጓዴ ኮረብታ፣ ከላዩ ሰማይ፣ ከታች በስተቀኝ አንዲት ቅርጫት። ሌላ ምንም። ቤት ታጥቦ ቄጠማ ሳይጎዘጎዝ ያለችውን ደቂቃ ትመስለኝ ነበር።

በሦስተኛው ቀን ሲፒዩውን ከነማዳበሪያው ይዘው ተመለሱ። «ልጄ፣ መዝገቡስ?»

«የትኛው መዝገብ?»

«የእድሩ ነዋ! እዚህ ጋ ነበር» አሉና ከኮረብታው በላይ ያለውን ሰማይ፣ የስክሪኑን የግራ ጥግ በጣታቸው ነኩት።

አልዋሹኝም። ለእሳቸው ዶክመንት ማለት ማኅተም ያረፈበት፣ ውልና ማስረጃ የሚወሰድ ወረቀት ነው፤ እሱ ቤታቸው ሳጥን ውስጥ ተቆልፎበታል። ኮምፒውተሩ ላይ ያለው መዝገብ ነው። በራሴ ቋንቋ ጠየቅኳቸው፤ በራሳቸው ቋንቋ መለሱልኝ፤ እኔ ደግሞ የተግባባን መስሎኝ አጠፋሁት።

ፈጣኑ ፎርማት ዳታውን አይፍቀውም። ማውጫውን ነው የሚቀደው፤ መጽሐፉ አለ። ገጾቹ ግን ባዶ ናቸው ተብለው ስለተመዘገቡ የሚመጣው ጽሑፍ ሁሉ በላያቸው ይጻፋል፤ እኔ ደግሞ ዊንዶውስና ኦፊስ ጭኜባቸዋለሁ። ዲስኩን አውጥቼ ሌላ ማሽን ላይ በፎቶሬክ ስፈልግ አደርኩ። ፎቶሬክ ፋይሉን እንጂ ስሙን አያመጣም፤ ቁጥር ብቻ የተለጠፈባቸው ብዙ ሺህ ፋይሎች ወጡ። ሦስት ምሽት ከአባባ ጋር ጎን ለጎን ተቀምጠን ስንከፍት ስንዘጋ አመሸን። በሦስተኛው ምሽት አንድ ሠንጠረዥ ተከፈተ፤ የላቲን ፊደል ትርምስ ነው። ልዘጋው ስል አንድ ነገር ጠረጠርኩ። ፓወር ግዕዝን የመሳሰሉት የድሮ ፎንቶች የእኛን ፊደል የሚያሰፍሩት በላቲኖቹ ቦታ ላይ ነበር፤ ግዕዝ በ1999 እ.ኤ.አ. ዩኒኮድ ውስጥ የራሱን ቦታ ካገኘ በኋላም ብዙ ሰው በለመደው ቀጥሏል። ፎንቱ ደግሞ ሲ ውስጥ፣ ዊንዶውስ ውስጥ ስለሚቀመጥ፣ ፋይሉ ቢተርፍ እንኳ የሚያነበው አብሮ ይጠፋል። ፎንቱን ጫንኩት፤ ስሞቹ ብቅ ብቅ አሉ። መዝገቡ ነው፤ ግን ከአራት ዓመት በፊት የነበረው።

የቀረውን አባባ ከራሳቸው አወጡት። ዓይናቸውን ጨፍነው ከወፍጮ ቤቱ ተነሱና ወደ ወንዙ ቁልቁል በቤት ተራ ሄዱ። «እዚህ የምትከፍለው ሚስቱ ናት። ይኼኛው ኮንዶሚኒየም ወጥቷል፤ ግን አልተወንም። ይኼኛው… ሰርዘው፤ አምና ቀብረነዋል።» እኔ እተይባለሁ። አንዱን ስም በሃሌታው ሀ ስጀምር እጄን ያዙኝ። «ኃይሉ በብዙኃኑ ነው። ሰውዬው ቢሞትም ስሙን አታበላሽበት።» ከእድር መዝገብ ስሙ የጠፋ ሰው ቀን ሲደርስበት ድንኳኑም ወንበሩም አይመጣለትም። እኔ የተንቀራፈፈ ኮምፒውተር ያፈጠንኩ መስሎኝ ነበር።

ከዚያ ወዲህ «ዶክመንት አለ?» ብዬ አልጠይቅም። ማሽኑን አስነስቼ፣ ወንበር ስቤ፣ «እስኪ ጠዋት ሲከፍቱት መጀመሪያ የሚያደርጉትን ያሳዩኝ» ነው የምለው። አፍ የረሳውን እጅ ያስታውሳል። የሒሳብ ሠራተኛዋ «ፋይል የለኝም፤ ፒችትሪ ብቻ ነው የምጠቀመው» ትላለች፤ ፒችትሪ የድርጅቱን ሒሳብ በተለምዶ የሚያኖረው እዚያው ሲ ላይ ነው። ተማሪው «ሁሉም ቴሌግራም ላይ ነው» ይላል። አልዋሸም፤ የተላከለት እዚያ አለ። አውርዶ ሌሊቱን ሲያርመው ያደረው ምዕራፍ ሦስት ግን ዳውንሎድስ ውስጥ፣ ቴሌግራም ዴስክቶፕ የሚል ፎልደር ውስጥ ነው የተቀመጠው። ሌላዋ ብሮውዘር ስትከፍት ኢሜይሏ ፓስዎርድ ሳይጠይቅ ይከፈታል፤ «ፓስዎርዱን ያውቁታል?» ስላት ትስቃለች። የታየውን ሁሉ በደብተር እጽፋለሁ፤ ያሳየኝ ሰው ይፈርምበታል። ሌላ ዲስክ ላይ ገልብጬ ከየፎልደሩ ሦስት አራቱን ከፍቼ ሳላይ ወደ ፎርማት አልሄድም። የተገለበጠ ሁሉ ይከፈታል ማለት አይደለም።

አብሮ ማየቱ ሌላም ጥቅም አለው። ፎርማት የማያስፈልገው ማሽን የሚታወቀው ያኔ ነው። ክሪስታል ዲስክ ኢንፎን ስከፍት ዲስኩ ቢጫ አብርቶ ይጠብቀኛል፤ ሴክተሮቹ መሞት ጀምረዋል። ለዚህ ፎርማት ማዘዝ ለታመመ ሰው ፀጉር እንደመቁረጥ ነው፤ መልኩ ያምራል እንጂ አይድንም።

ሁለት ዲስክ ያለው ማሽን ሲመጣ ደግሞ ሁለተኛውን ነቅዬ ነው የምጭነው። ጎረቤቴ በዚህ ሲስቅብኝ ኖሯል። አንድ ጊዜ ግን እሱ አዲስ ኤስኤስዲ ላይ የጫነው ዊንዶውስ ማስነሻውን አሮጌው ዲስክ ላይ አስቀምጦት ኖሮ፣ ባለቤቱ አሮጌውን ለወንድሙ የሰጠ ዕለት ማሽኑ አልነሳም አለ። ጎረቤቴ ቺፕውዱን አንኳክቶ «እስኪ ና» ያለኝ ያን ቀን ነው።

ልጅቷ ይህን ሁሉ ሰምታ፣ «ቢጠፋም እኮ በፎቶሬክ ይፈለጋል» አለች። ያ ድሮ ነው። የሚሽከረከረው ዲስክ ይቅር ባይ ነበር። ኤስኤስዲ ፎርማት ሲደረግ ዊንዶውስ ትሪም የሚባል ትእዛዝ ይልክለታል፤ ዲስኩም አያስፈልጉም የተባሉትን ራሱ ያጸዳቸዋል። ከዚያ በኋላ ፎቶሬክ ቢውል ቢያድር የሚለቅመው የለም። የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ካበቃ ወዲህ «11 ጫንልኝ» የሚለው ሰልፍ ረዝሟል፤ ቲፒኤም 2.0 የሌለውን ማሽን ይዞ የሚሰለፍም አለ። ሰልፍ ሲረዝም መጠየቅ ያጥራል። በድሮ ዲስክ ላይ ሦስት ምሽት ያስከፈለኝ ስሕተት ዛሬ ቢደገም የሚከፈልበት ምሽት እንኳ የለውም።

አባባ ጽሕፈቱን እስኪያስረክቡ ድረስ በየዓመቱ መስከረም ላይ ፍላሽ ይዘው ይመጡ ነበር። «አንዱ አንተ ጋ ይቀመጥ» ይሉኛል። አሁን የሚያመጡት አዲሱ ጸሐፊ ናቸው፤ በወረቀትም አትመው። አንድ ዓመት ፋይሉን ስገለብጥ ከመጨረሻው መስመር ላይ የራሴን ስም አየሁት፤ ሰፈሩ ሰፈሬ አይደለም፤ ማንም አልጠየቀኝም። «ምነው አባባ?» ብላቸው፣ «መዝገቡን ያነሳኸው አንተ አይደለህ? ወርሃዊህን ብቻ እንዳታሳልፍ» አሉኝ። አሳልፌ አላውቅም። ባዶውን ዴስክቶፕ ግን እንደ ድሮው አልወደውም። አዲስ የተጫነ ማሽን ሲነሳ ዓይኔ መጀመሪያ የሚሄደው ወደ ግራ ጥጉ ነው።

ማክሰኞ ጠዋት አንዲት የፎቶ ኮፒ ቤት ባለቤት ላፕቶፕ ይዘው ገቡ። «ዲ ላይ ነው ያለው፤ ሲን ብቻ» አሉ። ልጅቷ ቀና ብላ አየችኝ። ዝም አልኩ። ወንበር ሳበችላቸውና፣ «እስኪ እትዬ፣ ጠዋት ሱቅ ሲከፍቱ መጀመሪያ የሚያደርጉትን ያሳዩኝ» አለች። ሴትዮዋ ማውሱን ያዙ፤ ቀስቱ ቀጥ ብሎ ወደ ግራው ጥግ ሄደ። ደብተሩን ወደ ልጅቷ ገፋ አደረግኩት። ከቺፕውዱ ወዲያ ጎረቤቴ «ሻይ ጠጥተው ይመለሱ» ሲል ይሰማል።