«በሙሉ» የምትለው ቃል፦ ስለ ጎጃም ትውልድ ታሪክ አጻጻፍ

የአንድን ሕዝብ ታሪክ ከጥንተ መሠረቱ እስከ ሪፐብሊክ ምሥረታ ድረስ ለመጻፍ የተነሣ ሁሉ «መሠረት የሚባለው የማን መሠረት ነው?» የሚል ጥያቄ ይገጥመዋል። ስለ ጎጃም ይህን ጥያቄ በጉልህ የሚያስነሣው የአለቃ ተክለ ኢየሱስ ዋቅጅራ «የጎጃም ትውልድ በሙሉ ከአባይ እስከ አባይ» የተሰኘው ሥራ ነው። ደራሲው ከአባይ ማዶ ከኦሮሞ ቤተሰብ ተወልደው በጎጃም ያደጉ፣ በሠዓሊነትም የታወቁ ሊቅ ነበሩ።

የሥራው ዋነኛ ጥንካሬ ትውልድን መቁጠሩ ነው። ይህን እንደ ባላባት ጌጥ ብቻ የሚያዩ ተቺዎች ይሳሳታሉ። በርስት ሥርዓት ገበሬው መሬት የሚጠይቀው በአባቱ ወይም በእናቱ በኩል ከአቅኚው አባት መወለዱን አስረድቶ ነበር። የዘር ሐረግ ለእርሱ የባለመብትነት ማስረጃው ነው።

ይህን ያልተገነዘበ አንባቢ በ1960 ዓ.ም. በሞጣ፣ በቢቸናና በሌሎችም የጎጃም አውራጃዎች የተቀጣጠለውን የገበሬዎች ዓመፅ ሊረዳው አይችልም። በዚያው ዓመት የታወጀው የእርሻ ገቢ ግብር በገንዘብ መጠኑ ብቻ አልነበረም ያስቈጣው፤ ግምቱ ልኬታን፣ ልኬታው ደግሞ የርስትን መነጠቅ ያስከትላል የሚል ሥጋት ነበር። መንግሥት ጦርና አውሮፕላን አዘመተ፤ በመጨረሻ ግን ጠቅላይ ገዥውን ለማንሣት ተገደደ። የነገሥታትን ዘመን ብቻ የሚዘረዝር ታሪክ ለዚህ ዓመፅ ምክንያት አያገኝለትም፤ ትውልድ ቆጠራው ግን ያስረዳል።

ድክመቱም የሚመነጨው ከዚሁ ከጥንካሬው ነው። ዘር በመቁጠር የሚጻፍ ታሪክ ርስት የሌለውን አይቈጥርም። ሸማኔው፣ ቀጥቃጩ፣ ሸክላ ሠሪዋ፣ በልማዱ ከርስት ተገልሎ በንግድ የኖረው ሙስሊም፣ እነዚህ ሁሉ በጎጃም ምድር ሲኖሩ በሐረጉ ውስጥ ቦታ አልነበራቸውም። ስለዚህ በርእሱ ላይ የሰፈረችው «በሙሉ» የምትለው ቃል ይዘቱ ያልከፈለው ዕዳ ናት። የየካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. አዋጅ መሬትን ከትውልድ ለይቶ ለሚያርሰው ሁሉ ሲፈቅድ፣ ለእነዚህ ወገኖች ትርጉሙ ከባለርስቱ የተለየ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ኢትዮጵያ በ1980 ዓ.ም. መግቢያ ላይ ሕዝባዊ ዲሞክራሲያዊ፣ በ1987 ዓ.ም. ደግሞ ፌዴራላዊ ሪፐብሊክ ተብላለች። ይሁን እንጂ የሪፐብሊክ መታወጅ ብቻውን የታሪክ መደምደሚያ ሊሆን አይችልም። በደቡብ አሜሪካ፣ በፔሩ፣ እ.ኤ.አ. በ1824 ነፃ አውጪው ሲሞን ቦሊቫር ያወጣው ድንጋጌ የነባሩ ሕዝብ የወል መሬት ለግለሰቦች እንዲከፋፈል አዝዞ ነበር። ለአንዱ ነፃነት የተባለው ለሌላው የመሠረት መናጋት ሆነ።

እንግዲህ የአለቃ ተክለ ኢየሱስ ሥራ መነበብ ያለበት እንደ ተዘጋ መዝገብ ሳይሆን እንደ ተጀመረ ቆጠራ ነው። የቢቸናና የሞጣ መምህራንና የኪነት ሰዎች ሽማግሌዎችን ሲጠይቁ ባለርስቱን ብቻ ሳይሆን የሸማኔውንና የሸክላ ሠሪዋን ቤትም ማንኳኳት ይገባቸዋል። «በሙሉ» የምትለው ቃል እውነት የምትሆነው ያን ጊዜ ነው።