«ስጦታ»፣ «እርዳታ»፣ «መዋጮ» በምርጫ ሕጋችን ቋንቋ

በ1987 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል ነጋሪት ጋዜጣ ማቋቋሚያ አዋጅ ቁጥር 3፣ ሕጎች በአማርኛና በእንግሊዝኛ እንዲታተሙ፣ በሁለቱ መካከል ልዩነት ሲገኝም አማርኛው የበላይ እንዲሆን ይደነግጋል። ስለዚህ ለሕግ የተመረጠ የአማርኛ ቃል የባዕድ ቃል አቻ ብቻ ሳይሆን ራሱ ሕግ ነው። ይህን ማስታወስ ያስፈለገን በአዋጅ ቁጥር 573/2000፣ ኋላም በአዋጅ ቁጥር 1162/2011 ስለ ፓርቲዎች ገንዘብ የተደነገገው ሲያከራክር፣ ስለ ገንዘቡ ምንጭና መጠን ብዙ ሲባል ስለ ቃላቱ ግን እምብዛም ስለማይነገር ነው።

በዚህ የሕግ ቋንቋ አባል ለፓርቲው የሚከፍለው «መዋጮ» ይባላል፤ ሌላው ሰው የሚሰጠው ደግሞ «ስጦታ» ወይም «እርዳታ»። እኛ በሁለቱ የኋለኞች ቃላት አንስማማም።

ስጦታ በሕዝብ አነጋገር ብድራት የማይጠበቅበት ነው፤ ለሙሽራ፣ ለአራስ፣ ለወዳጅ ይሰጣል። የፓርቲን ገቢ የሚቆጣጠር ሕግ ያስፈለገው ግን ሰጪው ብድራቱን ይጠብቅ ይሆናል ከሚል ሥጋት ነው። ሕጉ የሚጠረጥረውን ነገር ስያሜው አስቀድሞ ከጥርጣሬ ነፃ ያወጣዋል። ከዚህም በላይ ዕጩው ድምፅ ለማግኘት ለመራጩ የሚያድለው ነገር በዚያው ቃል ሊጠራ ይችላል። አማርኛ ግን «መማለጃ»ንና «እጅ መንሻ»ን ለይቶ የሚያውቅ ቋንቋ ነው።

«እርዳታ» በደቡብ ወሎ የባሰ ችግር አለው። በ1965 እና በ1966፣ ቀጥሎም በ1977 ዓ.ም. የደረሰውን ረኃብ ላየ ትውልድ፣ በደሴም ሆነ በኮምቦልቻ፣ እርዳታ ማለት በወረፋ የሚታደል እህል ነው። ተቀባዩ ችግረኛ፣ ሰጪው ባለውለታ ነው። በድርቅ ዓመት አንድ ዕጩ እህል ቢያድል ሥራው እርዳታ ነው ወይስ ድምፅ መግዛት? ለፓርቲ የሚገባውን ገንዘብና ለተራበ የሚሰፈረውን እህል በአንድ ቃል የሚጠራ ሕግ ይህን ለሚጠይቅ ገበሬ በቀላሉ መልስ አይሰጥም።

ችግሩ ቀድሞ ያልነበረው ቃሉ ስለማያስፈልግ ነበር። በ1948ቱ የተሻሻለው ሕገ መንግሥት ለሕግ መምሪያ ምክር ቤት የሚወዳደር ሰው በምርጫ ክልሉ ንብረት ያለው እንዲሆን ያዝዝ ነበር፤ ፓርቲም አልነበረም። ሀብት ያኔ የሚገደብ ሳይሆን ለዕጩነት የሚጠየቅ ነገር ነበር።

«መዋጮ» ግን የተሻለ ይመስለናል። «አዋጣ» ከ«ወጣ» የተገኘ ነው፤ «ወጪ»ም እንዲሁ። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1976 እ.ኤ.አ. ለተወዳዳሪ የሚሰጥ መዋጮ ሊገደብ ይችላል፣ ተወዳዳሪው ለቅስቀሳ የሚያወጣው ወጪ ግን አይገደብም ብሎ የለያቸው ሁለት ጉዳዮች በእኛ ቋንቋ የአንድ ሥር ቅርንጫፎች ናቸው፤ ሳይምታቱም ይለያያሉ። የወሎ ቅሬ መዋጮ ደግሞ ይቆጠራል፣ ይመዘገባል፣ የጎደለው በአባላት ፊት ይጠየቃል። ሕግ አውጪው የሚሻው የሒሳብ ግልጽነት በቃሉ ውስጥ አስቀድሞ አለ።

እርግጥ ነው፣ የሚቃወሙን ምክንያት አላቸው። የቅሬ መዋጮ ለሁሉም እኩል ነው፤ አንድ ባለጠጋ ብቻውን የሚሰጠው ብዙ ገንዘብ መዋጮ ይባላልን? በደርግ ዘመን ከደመወዝ ይቆረጥ የነበረውን የሚያስታውስ ሠራተኛም ቃሉን ሲሰማ ግዴታ ይታወሰዋል። ይህን ክብደት አናቃልለውም። ስለዚህ «የፈቃድ መዋጮ» የሚለውን ጥምር ስያሜ እናቀርባለን፤ «ድጎማ» ከመንግሥት በጀት ለሚሰጠው፣ «እርዳታ»ም ለችግረኛ ይቅር።

«የውጭ» የሚለው ቅጽልም እንዲሁ መጤን አለበት። ሕጉ ከውጭ ዜጎችና ድርጅቶች መቀበልን ይከለክላል። በሐምሌ 2009 ዓ.ም. በተመረቀው የኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ፣ ባለቤቱ የሌላ አገር ሰው ሆኖ ምዝገባው በኢትዮጵያ የሆነ ፋብሪካ ቢገኝ፣ የከተማው ሰው ያለ ማመንታት «የውጭ» ይለዋል። የንግድ ሕግ ባለሙያ ግን ምዝገባውን ይመለከታል። «በውጭ ሰዎች የተያዘ» እና «በውጭ አገር የተመዘገበ» ተብሎ ቢለይ ክርክሩ ባይቀርም ቢያንስ ስለ አንድ ነገር ይሆናል።

በመጨረሻ የቀረን «በዓይነት» የሚለው ነው። የመኪና ባለቤት ድምፅ ማጉያ ጭኖ ያለ ክፍያ ከኮምቦልቻ የሐረጎን ዳገት ወጥቶ ደሴ ፒያሳ ድረስ ቢቀሰቅስ፣ ሰጠ የሚባለው ዕቃ የለም። መኪናው የራሱ ነው፤ የተሰጠው ጉልበት፣ ነዳጅና ጊዜ ነው። «በዓይነት» ግን በአማርኛ እህሉን፣ በጉን፣ ቆርቆሮውን ያመለክታል። ስለዚህ «በዓይነት ወይም በአገልግሎት» ተብሎ ቢጻፍ፣ አገልግሎቱም በአካባቢው የኪራይ ዋጋ ተተምኖ ቢመዘገብ የተሻለ ነው እንላለን።