ስንት ሊትር ትሰጣለች?

ባለፈው ክረምት አንድ ወዳጄ «ሽምብጥ የምትሸጥ ላም አለች፤ አብረን እንያት» ብሎ ይዞኝ ሄደ። ስለ ላም የማውቀው ብዙም አይደለም፤ ልጅ ሆኜ ጥጃ ጠብቄያለሁ፣ በቃ። ወዳጄ ገና ከበሩ ሳይገባ «እትዬ፣ ስንት ሊትር ትሰጣለች?» አለ። «በሁለት አለባ አሥራ ሁለት» አሉ ባለቤቲቱ።

ላሚቱ የፈረንጅ ዲቃላ ናት። የቆመችው ሰኮናዋን በዋጠ አዛባና ሽንት ውስጥ ነው። ቤቷ በአራቱም በኩል በአሮጌ ቆርቆሮ ተጠርቅሟል፤ ስንገባ ሽታው ዓይናችንን አስለቀሰን። ቀዳዳ እንኳ ለምን እንዳልተተወ ብጠይቅ «ብርድ እንዳይመታት» ተባልኩ። እንግዲህ ያለነው ባሕር ዳር ነው፤ ሚያዝያ ላይ በረንዳ ላይ ማደር የሚያምረን ከተማ! ጣናም በእግር የሚደረስ ነው። እሷ ግን የሚደርሳት ጠዋት አንድ ባልዲ፣ ማታ አንድ ባልዲ ውሃ ነው። የምትታለብ ዲቃላ ላም እኮ በቀን ከ50 ሊትር በላይ ትጠጣለች። ታዲያ ወተቱ ሲቀንስ የሚታማው ፋጉሎው ነው፤ አንዳንዴም የጎረቤት ዓይን።

ወዳጄ ጡቷን ዳሰሰ፣ ጥርሷን አየ፣ ዋጋ ተከራከረ። የት እንደምትተኛ አልጠየቀም። ላም ከተመቻት በቀን ከ10 እስከ 12 ሰዓት ትተኛለች፤ ብዙውን የምታመሰኳውም ያኔ ነው። ጭቃ ላይ ግን ወይ ቆማ ታድራለች፣ ወይ ጡቷን አዛባው ላይ ጥላ ትተኛለች። የጡት በሽታው አንዱ መንገድ ይኸው ነው። ከዚያ መርፌ ትወጋለች፤ በዚያ ሰሞን የታለበው ወተት መደፋት ሲገባው ለደንበኛ ይቀዳል። ደንበኛው እኔና እናንተ ነን።

«ሲሚንቶ ተወዷል» ይባላል። እሺ። ዘንበል ተደርጎ የተነጠፈ ድንጋይ፣ ሽንቱን የሚያወጣ ቦይ፣ ደረቅ ገለባ፣ ከጣሪያው ስር ክፍት የተተወ አንድ ክንድ ቦታስ? እውነቱን እንነጋገር ከተባለ በየቤታችን ላሚቱ የእሱ፣ አዛባው የእሷ ነው። እዚያም ቤት ቆርቆሮውን የመቱት አባወራው ናቸው፤ ጎህ ሳይቀድ በእጃቸው የሚዝቁት እትዬ። ዛቂው እሳቸው ቢሆኑ ኖሮ ቦዩ እስካሁን ይቀር ነበር?

የአገሩ ላም ብዙ ትችል ነበር። ከሐይቁ በስተምሥራቅ፣ ወረታ ዙሪያ ያለው ሜዳ የፎገራ ላም አገር ነው፤ ረግረጉን የለመደች ላም። በ1970ዎቹ የገባው ሩዝ እየተስፋፋ ግጦሿን ወሰደ፤ በ2004 ዓ.ም. ገደማ ጣና ላይ የታየው እምቦጭ ደግሞ የሐይቁን ዳር ተሻማት። ዛሬ ዝርያዋ እንዳይጠፋ፣ በጢስ ዓባይ መንገድ ያለው የአንዳሳ የእንስሳት ምርምር ማዕከል ይሠራባታል። እኛ ግን የበለጠ እንክብካቤ የምትፈልገውን ዲቃላ አምጥተን፣ ሜዳ የለመደችዋ እንኳ በማትችለው ጉረኖ አሰርናት። ዲቃላ አይርባ አላልኩም፤ ወተቱን እኔም እጠጣለሁ።

ወዳጄ ላሚቱን ገዛ። ስንመለስ «የት ልታሳድራት ነው?» አልኩት።

ትንሽ አሰበና «ከኩሽናው ጀርባ ያረጀ ቆርቆሮ አለኝ» አለ።