ወደ ኋላ የተኛ ፀጉር

የበረዶ መንሸራተቻው ስኪ ሲባል ሰው ሁሉ የሚያየው ፊቱን ነው፤ ቀለሙን፣ ርዝመቱን፣ የአፍንጫውን መቆልመም። የአልታይ አዳኞች ስኪ ግን ተገልብጦ ነው መታየት ያለበት። የእጅ ጥበቡ ያረፈው ሆዱ ላይ፣ እንጨቱን ከጫፍ እስከ ጫፍ በለበጠው የፈረስ እግር ቆዳ ላይ ነው። ቆዳው ከነፀጉሩ ነው።

አልታይ ቻይና፣ ሞንጎሊያ፣ ካዛኪስታንና ሩሲያ የሚገናኙበት ተራራማ ምድር ነው። በቻይናው ወገን፣ በሺንጂያንግ ሰሜናዊ ጫፍ፣ ሄሙንና ካናስን በመሳሰሉ መንደሮች ቱቫዎችና ካዛኮች ይኖራሉ። ብርዱ ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ የሚደርስበት ጊዜ አለ። በረዶው እስከ ወገብ ሲያሰጥም በእግር መሄድ አይታሰብም፤ ስለዚህ ስኪ እዚያ መጫወቻ ሳይሆን እግር ነው።

እንጨቱ ስፕሩስ የሚባል፣ ከጥድ ወገን የሆነ፣ ቀጥ ብሎ የሚያድግ ዛፍ ነው። ግንዱ ይፈለጣል፣ በመጥረቢያ ይጠረባል፣ በመላጊያ ይላጋል። የሠሪው ዓይን የሚፈተነው እዚህ ነው። ሳንቃው ከወፈረ ቀኑን ሙሉ ዳገት ለሚወጣ ሰው ሸክም ይሆናል፤ ከሳሳ ደግሞ መንደር በማይታይበት ገደል ውስጥ ይሰበራል። መሐሉ ጠንከር፣ ጫፎቹ ሳሳ ማለት አለባቸው። ይህን የሚለካው መዳፍ እንጂ ማስመሪያ አይደለም። ቀጥሎ አፍንጫው በፈላ ውሃ ለዝቦ ይቆለመማል፤ ቅርጹን እስኪይዝም ታስሮ ይቆያል።

ከዚያ ቆዳው ይመጣል። የሚመረጠው የእግሩ ነው፤ የእግር ፀጉር አጭር፣ ጠንካራና ጥቅጥቅ ያለ ስለሆነ በበረዶ ፍትጊያ ቶሎ አያልቅም። የአንድ እግር ቆዳ ለአንድ ስኪ ስለማይበቃ ቁርጥራጩ ይሰፋል። ሲሰፋም ሲለበጥም አንድ ሕግ አለ፤ የሁሉም ፀጉር ከአፍንጫ ወደ ጭራ መተኛት አለበት። ቆዳው እርጥቡን ተወጥሮ ጠርዙ ወደ ጎንና ጎን ይታጠፋል፣ በሚስማር ወይም በጠፍር ይያዛል። እርጥቡን የተወጠረ የጠፍር አልጋ ሲደርቅ እንደሚከርር፣ ይህም ሲደርቅ ተኮማትሮ እንጨቱን ጭምቅ አድርጎ ይይዘዋል። መሐል ላይ እግር የሚታሰርበት ጠፍር የሚገባባቸው አራት ቀዳዳዎች ይበሳሉ። ስኪው አለቀ።

እንግዲህ ዳገት ላይ ይሞከር። አዳኙ ወደ ፊት ሲገፋ ፀጉሩ ስለተኛ ስኪው ይንሸራተታል፤ ክብደቱን ሲጥልና ስኪው ወደ ኋላ ሊሸሽ ሲል ፀጉሩ ቀና ብሎ በረዶውን ይነክሳል። ወደ ላይ ይይዛል፣ ወደ ታች ይለቃል። አንድ ቆዳ፣ አንድ አቅጣጫ፣ ሁለት ሥራ። ፀጉሩ ድምፅ ስለማይሰጥ ደግሞ አውሬው ሳይደነግጥ መጠጋት ይቻላል። እኔ ከዚህ የጠራ የእጅ ሥራ ብዙ አላውቅም፤ ለየችግሩ የተለየ ዕቃ አልተጨመረም፤ ፈረሱ ለብሶት የኖረው ነገር በትክክለኛው ወገን ዞሮ ተለጠፈ እንጂ።

ዛሬ በአውሮፓና በአሜሪካ ማንሻ መኪና የሌለበት ተራራ የሚወጡ ስኪተኞች በዚሁ ዘዴ ነው የሚሄዱት። በናይሎን ወይም ሞሄር በሚባል የፍየል ፀጉር የተሠራ ጥብጣብ ስኪያቸው ሆድ ላይ በማጣበቂያ ይለጥፉና ይወጣሉ፤ ጫፍ ሲደርሱ ገንጥለው ቦርሳቸው ውስጥ ይከቱታል። ቀላልና ፈጣን ነው። ማጣበቂያው ግን በብርድና በእርጥበት ይከዳል፤ የአልታዩ ሚስማርና ጠፍር ይህ ጭንቀት የለበትም። አሜሪካዊው ኒልስ ላርሰን ወደ አልታይ ተመላልሶ ይህን ስኪ ከተመለከተ በኋላ፣ ሰው ሠራሽ ፀጉር ሆዱ ላይ የተቀበረበት አጭርና ሰፊ ስኪ ከባልደረባው ጋር አውጥቷል።

ዱላውም ሊነሳ ይገባል። የአልታይ ሰው ሁለት ቀጭን ዱላ አይዝም፤ አንድ ረጅም ዘንግ ይበቃዋል። ዳገት ላይ ይመረኮዘዋል፣ ቁልቁለት ላይ በሁለት እጁ ከጎኑ ይዞ ወደ ኋላ ይደገፍበታል፤ ፍሬንም መሪም ይሆነዋል። በድሮው አደን ኤልክ የሚባለው ትልቅ አጋዘን በጥልቅ በረዶ ውስጥ እየሰጠመ ሲደክም፣ አዳኙ ከላይ ተንሳፍፎ ይደርስበትና ሸምቀቆ ገመድ ይጥልበት ነበር። አሁን አደኑ በሕግ ተከልክሏል። ስኪው ግን ከብት ለመፈለግ፣ እንጨት ለማምጣት፣ ጎረቤት ለመጠየቅ ያገለግላል፤ ልጆችም በልካቸው በተሠራላቸው ትንንሽ ስኪ መንደሩ ውስጥ ይጋልባሉ። በአልታይ ከተማም በዚሁ ባለፀጉር ስኪ ውድድር ይካሄዳል።

ስኪ የተወለደው እዚህ ነው የሚል መግለጫ አልታይ ላይ በ2006 እ.ኤ.አ. ወጥቷል። ዋናው ማስረጃ የዋሻ ሥዕል ነው፤ የድንጋይ ሥዕልን ዕድሜ መቁረጥ አስቸጋሪ ስለሆነ ክርክሩ አልተዘጋም። እኔን ይበልጥ የሚይዘኝ ሌላ ነው። በ1924 እ.ኤ.አ. በሰሜን ስዊድን፣ ካልፍትሬስክ በሚባል ቦታ፣ ረግረግ ሲቆፈር 5,200 ዓመት ገደማ ያስቆጠረ ስኪ ወጣ። ሁለት ሜትር ከአራት ሳንቲም ይረዝማል። እግር የሚታሰርበት ቦታ ላይ፣ ከላይ ወደ ታች የተበሱ አራት ቀዳዳዎች አሉት። አብሮት የተገኘው ዱላም አንድ ነው። ሁለቱ ሕዝቦች ተማምረዋል ለማለት አይደለም፤ ጥልቅ በረዶ፣ ጠፍርና አደን ባሉበት የጥሩ ሠሪ እጅ ወደ አንድ መልስ ያመራል ለማለት እንጂ።

ያ ስኪ ኡሜኦ ከተማ፣ በቬስተርቦተን ሙዚየም ይገኛል። ስዊድን የምትኖሩ አንባቢዎች መንገዳችሁ ወደ ሰሜን ሲሆን ልጆቻችሁን ይዛችሁ ግቡ። ቀዳዳዎቹን አሳዩዋቸው፣ ጠፍሩ በየት ገብቶ በየት እንደሚወጣም ራሳቸው ይንገሯችሁ።