የመጽሐፉ ውሃና የወደቡ ውሃ

50 ሺህ ቶን ስንዴ ጭኖ ጅቡቲ ወደብ የቆመን መርከብ የሚሸከም ሚዛን የለም። ስለዚህ ባሕሩን ራሱን ሚዛን እናደርገዋለን። መርከቡ ምን ያህል እንደሰመጠ ከፊት፣ ከመሃልና ከኋላ፣ በግራም በቀኝም ስድስት ቦታ እናነባለን፤ የመርከቡን የሰንጠረዥ መጽሐፍ ገልጠን ምን ያህል ውሃ እንደገፋ እናወጣለን። የተገፋው ውሃ ክብደት የመርከቡ ክብደት ነው። ይህ ጭነቱ ከመራገፉ በፊት አንዴ፣ ተራግፎ ሲያልቅ አንዴ ይሠራል፤ የነዳጁ፣ የመጠጥ ውሃውና የባላስቱ (መርከቡን ለማመጣጠን የሚያዘው ውሃ) ለውጥ ከታሰበ በኋላ ልዩነቱ የጭነቱ ክብደት ይሆናል። ድራፍት ሰርቬይ የምንለው ይኸው ነው። በመርከብ መኮንንነት ዞሬ ዞሬ መጨረሻ ላይ እንጀራዬ ያደረግሁት ሥራ ነው።

ሰንጠረዡ የሚያውቀው ግን አንድ ውሃ ብቻ ነው፤ ሊትሩ 1.025 ኪሎ የሚመዝን ውሃ። መርከብ ሠሪው ሲያሰላ አንድ ቁጥር መያዝ ነበረበት፤ ያዘ። እሱ ላይ ቅሬታ የለኝም። ቅሬታዬ ያ ቁጥር ውሎ አድሮ በመርከበኛው ጭንቅላት ውስጥ የባሕር ሁሉ ቁጥር ሆኖ መቅረቱ ነው። «ባሕር ላይ አይደለን? 1.025 ብለህ ጻፈውና እንጨርስ» የሚለኝ ቺፍ ኦፊሰር አይጠፋም። 60 ሺህ ቶን ውሃ በገፋ መርከብ ላይ የ0.001 ስህተት ከ58 ቶን በላይ ነው፤ በእኛ አቆጣጠር ከ580 ኩንታል በላይ። አንድ ከባድ መኪና ከነተሳቢው 400 ኩንታል ይዞ በጋላፊ ይሻገራል ብንል፣ አንድ መኪና ተኩል ስንዴ በወረቀት ላይ ተወለደ ወይም ሞተ ማለት ነው። ከዚያ ወዲያ የጠበቆች ሥራ ይመጣል።

መሣሪያው የመስታወት ሃይድሮሜትር ነው፤ ሆዱ ወፈር፣ አንገቱ ቀጠን ያለ፣ ከታች ቀጥ አድርጎ የሚያቆመው ክብደት ያለበት። አንገቱን በጣት መያዝ ነውር ነው፤ የእጅ ቅባት ከነካው ውሃው በትክክል አይላበሰውም፣ ንባቡም ይዛባል። ጫፉን ብቻ ይዤ ወደ ሲሊንደሩ አወርደዋለሁ፤ የተለጠፈበት የአየር አረፋ እንዲለቅ ቀስ አድርጌ አሽከረክረዋለሁ፤ እስኪረጋ እጠብቃለሁ። ውሃው የመስታወቱን አንገት ተከትሎ ትንሽ ይሳባል። የሚነበበው ያ የተሳበው ጠርዝ አይደለም፤ ጠፍጣፋው የውሃ ገጽ ነው፤ ዓይንም ከገጹ እኩል መውረድ አለበት። የጥሩ ሰርቬየር ሱሪ ጉልበቱ ላይ ሁልጊዜ የቆሸሸ ነው። ይህ ሁሉ የሚሆነው በሐምሌ ጅቡቲ፣ የመርከቡ ብረት በጫማ ውስጥ እግር እየጠበሰ ነው። ናሙናውን መርከቡ ላይ አቁሞ ወሬ መያዝ ደግሞ ክልክል ነው፤ ፀሐይ ካሞቀው ያነበብከው የሲሊንደሩን ውሃ እንጂ የባሕሩን አይሆንም።

ከንባቡ ይልቅ የሚከብደው ግን ከየት ይቀዳ የሚለው ነው። ባልዲ የሚያመጣው የላዩን ቆዳ ብቻ ነው፤ መርከቡ ግን አሥራ ምናምን ሜትር ወደ ታች ገብቷል። ስለዚህ ቡሽ ያለው ከባድ ቆርቆሮ በገመድ እናወርዳለን፤ የተፈለገው ጥልቀት ሲደርስ ሁለተኛውን ገመድ ላፍ ስናደርገው ቡሹ ይነቀላል፣ አረፋው እየተንፎለፎለ ይወጣል፤ አረፋው ሲያቆም ሞልቷል ማለት ነው። ከላይ፣ ከመሃል፣ ከመርከቡ ወለል አጠገብ። ሞተሩን ያቀዘቀዘው ሙቅ ውሃ ከሚፈስበት ቀዳዳም፣ ባላስት ከሚደፋበትም እንሸሻለን። ከመትከያው ግንብ በኩል ያለው ውሃ የታሰረ ስለሆነ፣ እኔ በተቻለ መጠን ክፍት ባሕሩን ከሚያየው ጎን መቅዳት እመርጣለሁ።

ውሃው ለምን እንዲህ ይለያያል? ከጥቁር ባሕር ስንዴ ጭኖ የሚመጣን መርከብ ብንከተለው መልሱ በየመንገዱ ይገኛል። ጥቁር ባሕር ዳንዩብን፣ ድኒፐርንና ድኒስተርን ስለሚጠጣ በላዩ ያለው ውሃ በኪሎ 18 ግራም ገደማ ጨው ነው ያለው፤ የውቅያኖስ አማካይ 35 ነው። እዚያ የሊትሩ ክብደት 1.013 አካባቢ ይሆናል፣ መርከቡም ጠለቅ ብሎ ይቀመጣል። በቦስፎረስ ወጥቶ ሜዲትራኒያን ሲገባ ጨዋማነቱ ወደ 38 ያድጋል፤ ሱዌዝን አልፎ ሰሜን ቀይ ባሕር ላይ 40 ይደርሳል። መርከቡ አንዲት ፍሬ ስንዴ ሳያወርድ ከጥቁር ባሕር ሲነሳ ከነበረበት 15 ሴንቲ ሜትር ገደማ ከፍ ብሎ ይንሳፈፋል። ወደ ጅቡቲ ሲወርድ ጨዋማነቱ ወደ 36 ተኩል ዝቅ ይላል፤ ውሃውም ስለሚሞቅ ይቀላል፤ መርከቡ እንደገና ይሰምጣል። ወደ ሃምቡርግ ቢሄድ ደግሞ፣ ኤልበ ወንዝ ውስጥ፣ ንጹሕ የወንዝ ውሃ ይጠብቀዋል። የመርከብ ጎን ላይ የሚታየው ክብና ሰረዝ፣ በእንግሊዙ ሳሙኤል ፕሊምሶል ስም የሚጠራው የ1876 ሕግ ውጤት፣ ዛሬ ለጨው ውሃና ለወንዝ ውሃ የተለያየ ሰረዝ ያለው ለዚህ ነው።

የቀይ ባሕርን ነገር ትንሽ ልቆይበት፤ ጎረቤታችን ነውና። ቀይ ባሕር ዓመቱን ሙሉ የሚገባበት ወንዝ የለውም። ዝናቡም ከቁጥር አይገባም። በትነት ግን በዓመት 2 ሜትር ገደማ ውሃ ያጣል። መርከበኛ ሆኜ በነሐሴ ሳቋርጠው የሚገርመኝ ላቡ ነበር፤ ሸሚዝ በደቂቃ ይርሳል፣ መነጽር በጉም ይሸፈናል፣ ቀና ስትል ግን አንድ ደመና የለም። ይህ ሁሉ እርጥበት ይዞ ለምን አይዘንብም? በምድር ወገብ አካባቢ ሞቆ የወጣው አየር ውሃውን እዚያው አራግፎ ወደ ሰሜን ይሄዳል፤ ከ20 እስከ 30 ዲግሪ ኬክሮስ አካባቢ ደርቆ ወደ ታች ይወርዳል። ጆርጅ ሃድሊ በ1735 የጻፈው ዑደት መሠረቱ ይኸው ነው። የሚወርድ አየር እየታመቀ ይሞቃል፤ ባሕሩ ላይም እንደ ምጣድ አክንባሎ ይደፋበታል። ከሥሩ ያለው እንፋሎት ወደ ላይ ወጥቶ ደመና መሆን አይችልም። ሰሃራንና የዓረብ በረሃን ያደረቀው ያው አየር ባሕሩንም ጨዋማ ያደርገዋል።

መግፊያ ያገኘ እንፋሎት ግን ይዘንባል። በጥርና በየካቲት ከሰሜን የሚነፍሰውና ከኤደን ባሕረ ሰላጤ የሚመጣው ነፋስ ቀይ ባሕር መሃል ላይ ይጋጠማሉ፤ አየሩ ወደ ላይ ይገፋል፤ ምጽዋም ዝናቧን የምታገኘው ደጋው በጋ ላይ ሳለ ነው። የደጋ ልጅ መርከበኛ ይህን መጀመሪያ ሲሰማ አያምንም።

የጨው ነገር ካነሣን አይቀር፣ የአፋር ዝቅተኛ ቦታ ጨውም የዚሁ ባሕር ነው። ቀይ ባሕር በጥንት ዘመን ገብቶበት፣ መንገዱ ሲዘጋ ተኖ ያለቀ ውሃ ትቶት የሄደው ነው። አሞሌ ሆኖ በግመል የወጣው፣ ገንዘብም የነበረው እሱ ነው። ከጅቡቲ ከተማ በመኪና የሚደረስበት አሳል ሐይቅ ደግሞ ከባሕር ወለል 155 ሜትር ዝቅ ብሎ፣ ከታጁራ ባሕረ ሰላጤ በከርሰ ምድር የሚሰርገውን የባሕር ውሃ እያተነነ ዛሬም ጨው ይሠራል። የእኔ ሃይድሮሜትር እዚያ አያገለግልም፤ ቁጥሩ አንገቱ ላይ ካለው መለኪያ ውጭ ነው።

ቀይ ባሕር ይህን ያህል እየተነነ ለምን እንደ አሳል አልሆነም ቢባል፣ መልሱ የባሕሩ ደቡባዊ በር፣ ባብ ኤል መንደብ ነው። በሰሜን የከበደው ጨዋማ ውሃ ይሰምጣል፤ ከ300 ሜትር ገደማ ወደ ታች፣ ጥቂት የሞቁ የጨው ጉድጓዶች ሳይቆጠሩ፣ ሙቀቱ እስከ ወለሉ ድረስ 21 ወይም 22 ዲግሪ ነው፤ ሌላ ውቅያኖስ በዚያ ጥልቀት እየቀዘቀዘ ይሄዳል። ያ ከባድ ውሃ 137 ሜትር ገደማ ጥልቀት ያለውን የሐኒሽ ደፍ ተሻግሮ ከሥር ይወጣል። ከኅዳር እስከ ግንቦት ከላዩ የኤደን ባሕረ ሰላጤ ውሃ ይገባል። በክረምት ወራት ግን ነፋሱ ከሰሜን ምዕራብ ይሆንና ነገሩ ሦስት ፎቅ ይሠራል፤ የላዩ ስስ ውሃ ወደ ደቡብ ይወጣል፣ ከሥሩ ቀዝቃዛ ውሃ ወደ ቀይ ባሕር ሾልኮ ይገባል፣ ከወለሉ ላይ ጨዋማው በጥቂቱ ይወጣል።

ቀዝቃዛ ውሃን ከታች የሚያወጣው የወቅቱ ነፋስ ነው። በእነዚያ ወራት ከደቡባዊው ህንድ ውቅያኖስ ተነሥቶ፣ የኬንያንና የሶማሊያን ጠረፍ ታኮ ወደ ህንድ የሚነፍስ ኃይለኛ ነፋስ አለ፤ እንግሊዛዊው ጆን ፊንድሌተር በ1969 በደንብ ስለገለጸው በስሙ ይጠራል። ይህ ነፋስ የሶማሊያን ጠረፍ ውሃ ወደ ውጭ ይገፋዋል፣ በምትኩ ቀዝቃዛ ውሃ ከታች ይወጣል፤ ከ20 ዲግሪ በታች የሚወርድበት ጊዜ አለ። የሶማሊያ ባሕር ጅረት ራሱ በየስድስት ወሩ ገደማ አቅጣጫውን ይቀለብሳል። በእኛ ደጋ ላይ ክረምት የሚሆነው ወቅት ጅቡቲ ከበረሃ በሚነፍሰው ኸምሲን የምትቃጠልበት ነው። የወደቡ ውሃ 30 ዲግሪን ሲያልፍ የሊትሩ ክብደት ወደ 1.022 ይወርዳል፤ በጥር ደግሞ ወደ 1.024 ይመለሳል። የመጽሐፉ 1.025 በመሃሉ የለም።

በመስከረም መጨረሻ አንድ መርከብ ላይ የመጨረሻውን ልኬት ስንሠራ፣ አብሮኝ የሚለማመደው ልጅ ቆርቆሮውን እያወረደ፣

«ጋሼ፣ ስንዴው ሲገባ ለክተነው የለም እንዴ? ያው ቦታ፣ ያው ባሕር አይደል?» አለኝ።

«መቼ ነበር የለካነው?»

«መርከቡ የገባ ዕለት።»

«የዚያን ዕለት ነፋሱ ከየት ነበር?»

ወደ ከተማው ጠቆመኝ፤ ኸምሲኑ ነበር። አሁን ከባሕሩ በኩል የሚመጣው ለስለስ ያለ ነፋስ ፊታችን ላይ ነበር። ሦስቱንም ጥልቀት ቀድቶ አነበበ፤ ሲገባ 1.022 የነበረው 1.023 ሆኗል። ቺፍ ኦፊሰሩ ሁለቱን ቁጥሮች አይቶ፣ «መሃሉን ይዘን እንስማማ» አለ። መሃሉን መያዝ ፍትሐዊ ይመስላል፤ ስሌቱ ግን አይቀበለውም። የመጀመሪያው ቁጥር 60 ሺህ ቶን በገፋው ሙሉ መርከብ ላይ ይባዛል፤ ሁለተኛው ባዶውን፣ ከሲሶ በታች የሚመዝነውን መርከብ ነው የሚመለከተው። ግማሽ ነጥብ ከሙሉው ላይ መጨመር 29 ቶን ያመጣል፤ ከባዶው ላይ መቀነስ የዚያን ሲሶ እንኳ አያህልም። በወረቀት ላይ አሠርቼ አሳየሁት። ለእያንዳንዱ የየራሱ ውሃ ተጻፈለት፤ ካፒቴኑም ፈረመ።