ከጦር ሜዳ የተመለሰውን የሚሸከመው ማን ነው?
(«የሕይወታችን ምርጥ ዓመታት» በተባለው ፊልም ላይ የቀረበ አስተያየት)

ዊልያም ዋይለር እ.ኤ.አ. በ1946 ያዘጋጀውን ይህን የአሜሪካ ፊልም ካየን በኋላ በመካከላችን ክርክር ተነሣ። ፊልሙ ኦስካር የተሸለመና እስከ ዛሬም የሚመሰገን ስለ ሆነ፥ ውዳሴውን ለሌሎች ትተን ቅር ያሰኘንን ነገር ለአንባቢ እናቀርባለን።

ታሪኩ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በአንድ አውሮፕላን ወደ አንዲት ከተማ ስለ ተመለሱ ሦስት ሰዎች ነው። አል የባንክ ሠራተኛ የነበረ የእግረኛ ጦር ሳጅን ነው፤ ፍሬድ በመድኃኒት ቤት ውስጥ ለስላሳ መጠጥ ሲቀዳ ኖሮ በጦርነቱ ለሻምበልነት የበቃ ቦምብ ጣይ ነው፤ ሆመር ደግሞ ሁለት እጆቹን ያጣ መርከበኛ ነው። ሆመርን ሆኖ የሚጫወተው ሃሮልድ ራስል በእውነትም በ1944 በወታደር ማሠልጠኛ ሳለ እጆቹን በፈንጂ ያጣ ሰው ነው። ሆመር የብረት መንጠቆዎቹን ካወለቀ ወዲያ በር እንኳ ከፍቶ መውጣት እንደማይችል ለእጮኛው ለዊልማ የሚያሳይበት ሌሊት፥ በፊልሙ ውስጥ አቻ የለውም። ዊልማ አታለቅስም፤ የሌሊት ልብሱን ትቆልፍለታለች።

ነገር ግን ይህን ክፍል ከሌሎቹ ጋር ስናስተያየው አንድ ነገር እናስተውላለን። አል ከተመለሰበት ምሽት ጀምሮ ይጠጣል፤ በባንኩ ግብዣ ላይ ሚስቱ ሚሊ የብርጭቆዎቹን ቍጥር በጠረጴዛው ልብስ ላይ በሹካ እየጫረች ትይዛለች። ፍሬድ በቅዠት ሲጮኽ የአል ልጅ ፔጊ ታረጋጋዋለች። የፍሬድ ሚስት ማሪ ግን ማስታመሙን አትፈልግም፤ በሳምንት 32 ዶላር ከ50 ሳንቲም የሚያገኝ ባልም አያስደስታትም። ስለዚህ ፊልሙ ይጠላታል። የሚያስታምሙት ሦስቱ ሴቶች ደጎች፥ እንቢ ያለችው አንዲቱ ክፉ ሆነዋል። ሌላ ወዳጅ መያዟን አልዘነጋንም፤ ይህም ፍርዱ እንዲቀልልን የተጨመረ ይመስለናል። ሆኖም የፊልሙን ስም በንግግር የምንሰማው ከእርሷ አፍ ነው፤ ባሏን ስትለየው ምርጥ ዓመታቷን እንደ ሠዋች ትናገራለች። ጥቂት ቀን ብቻ አብራው ለኖረችው ሰው ዓመታት ጠብቃለችና፥ ንግግሯ ሐሰት ነው ለማለት አንደፍርም።

ለመሆኑ ሸክሙ በሴቶች ላይ ብቻ ለምን ወደቀ? የአሜሪካ መንግሥት በ1944 ባወጣው ሕግ ለተመላሾች የትምህርት ወጪ፥ ሥራ ላጣ በሳምንት 20 ዶላር እስከ 52 ሳምንት፥ ለቤትና ለእርሻም የብድር ዋስትና ፈቅዶ ነበር። ዋስትናው የመንግሥት ሲሆን፥ ማበደርና መከልከል ግን በባንኮቹ እጅ ነበር፤ በዚህም ብዙ ጥቁር ዘማቾች ከብድሩ ተገለዋል። ፊልሙ ወደዚህ ጉዳይ ተጠግቶ ነበር። መያዣ የሌለው አንድ ዘማች ለእርሻ መሬት ብድር ሊጠይቅ ይመጣል፤ አል ይፈቅድለታል፤ አለቃውም አልን ይገሥጸዋል። ከዚያ ወዲያ ነገሩ የአል ቸርነት ሆኖ ይቀራል፤ የባንኩ ደንብ አይመረመርም። ከሦስቱ ተመላሾች አንዱም ጥቁር ስላልሆነ፥ ቸርነቱ የማይደርሰውን ሰው ጉዳይ ለማንሣት ፊልሙ አልተገደደም።

በመጨረሻው ሠርግ ላይ ሆመር ቀለበቱን በመንጠቆው ይዞ ለዊልማ ያጠልቅላታል፤ ፍሬድና ፔጊም ይተቃቀፋሉ። ማሪ ከዚያ ቤት የለችም፤ ወዴት እንደ ሄደችም አይነገረንም። ከአዳራሹ ወጥተን የተከራከርነው ስለ እርሷ ነበር።